ከመቶ ስንቱ በቀለ

መጋቢት 11

ወንድሜ ቀለሜ፣

እጅህን አሞህ ነው እንዴ? ጽሑፍህ ተንጋዶብኝ፣ ያ የልጅነት ቁርጥማትህ ተነሥቶበት ይሆን ስል ሰነበትኩ። ስለኛ ደጋግመህ ጠይቀሃል፤ ደህና ነን። ባሌ፣ ጋሼህ፣ ወገቡን ያመዋል። ሲተኛ ይሻለዋል፣ መቆፈሪያ ሲያይ ይብስበታል። በሽታ ነው ወይስ ስንፍና ብዬ ብጠይቀው፣ ሁለቱ ተስማምተው ነው የሚኖሩት ይለኛል።

ወደ ጠየቅኸኝ ልምጣ። አዎ፣ ቡድኑን መሠረትን። የብድርና ቁጠባው ሠራተኛ በሞተር ሳይክል መጥቶ በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ሰበሰበን። የልጆች ወንበር ላይ ተኮራምተን ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ምንም አልቀረው። እንዳስረዳን ከሆነ የበቆሎው ምርጥ ዘርም ማዳበሪያውም በዱቤ ይሰጠናል፣ ሰብል ሲገባ እንከፍላለን። የምናስይዘው ነገር ስለሌለን አምስት አምስት ሆነን እርስ በርስ ዋስ እንሆናለን። አንዷ ያቃታትን አራቱ ይከፍላሉ። አራቱም ካልከፈሉ ለከርሞ ለማናቸውም ዘር የለም።

አምስታችሁ እነማን ናችሁ ላልከው፣ እኔ፣ የባሌ ሁለቱ እህቶች፣ አዋላጇና ራዲዮ ነን። ራዲዮን አታውቃትም፤ አንተ ለትምህርት ከሄድክ በኋላ ነው ከማዶ ተድራ የመጣችው። ባሏ ሞቶባታል፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ አለቻት። ቀኑን ሙሉ አብረሃት ብታርም ሦስት ቃል አይወጣትም፤ ለዚህ ነው ሴቶቹ ራዲዮ ያሏት። ብድሩን ፈርታው ነበር። ከስብሰባው ስንወጣ ክንዴን ያዘችና "አንቺ ከገባሽ እገባለሁ" አለችኝ። ካወቅኋት ጀምሮ ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይኼ ነው።

እኔ ደግሞ የገባሁት አንተ ግቢ ስላልከኝ ነው። ሌሎቹም፣ ወንድሟ ዘሩን የሚያከፋፍለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፣ የማታውቀው ነገር ውስጥ አትገባም እያሉ ከኋላዬ ፈረሙ። የቡድኑ ጸሐፊ አድርገው የመረጡትም እኔን ነው። ስድስተኛ ክፍል እዚህ ትልቅ ሰው ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ሠራተኛውን ብጠይቀው ሳቀብኝና አለፈው። ዘሩ ባይበቅልስ? ያኔ ዕዳው የማን ነው?

እህትህ


ሚያዝያ 6

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ያመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ሁለት ጊዜ መጥቶ አጥቶኝ ተመልሷል። የዘገየሁት ለዚህ ነው፣ አትቀየሚኝ። ስልክ የሚሰማው ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ለኔ ብለሽ ያን ዳገት አትውጪ፤ በዚሁ እንጻጻፍ።

እጄ ደህና ነው፣ የተንጋደደው ጠረጴዛዬ ነው። የተከራየሁት ክፍል ከአናጢ ቤት ጀርባ ነው፤ አናጢው ከቁርጥራጭ እንጨት ገጣጥሞ ሰጠኝ፣ አራተኛው እግር ግን አጠረ። ስመገብም ስጽፍም ሁሉ ነገር ወደ ግራ ይሄድብኛል።

ዕዳው የማን ነው ላልሽኝ፣ አልዋሽሽም፣ የተበዳሪው ነው። ዘሩ ግን አይክድሽም። እኔ የምሠራው ግብዓት ክፍል ነው። የትኛው ዘር ወደ የትኛው ቀበሌ እንደሚሄድ ዝርዝሩን የምተይበው እኔ ነኝ። ከመጫኑ በፊት ናሙና ተወስዶ ቤተ ሙከራ ይገባል። መቶ ፍሬ እርጥብ ወረቀት ላይ ይደረደርና በሳምንቱ ስንቱ እንደበቀለ ይቆጠራል። ዘጠናው ካልበቀለ መኪና ላይ አይወጣም።

ካምናው ሰብል ያስቀመጥሽውን የቤቱን ዘር ምን ላድርገው ላልሽው፣ ሽጪው። ከምርጡ ጎን ብትዘሪው በነፋስ ይዳቀልና ምርጡንም ያበላሽብሻል። ነቀዝ ሊበላው ለምን ይቀመጣል? ሌሎቹም እንዲሸጡ ንገሪያቸው። ይኼን የምልሽ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው አይደለም። ለኔ ደብተር ስትገዢ አንቺ ምን ትለብሺ እንደነበር አልረሳሁም።

ስለ ሥራዬ፣ ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል። ቋሚ ለሚሆኑት ሦስት ሰዎች ሥራ አስኪያጁ ስሜን አስገብቶታል። ከተሳካልኝ በየወሩ የሆነች ነገር እልክልሻለሁ።

ጋሼን ሰላም በይልኝ። ወገባቸውን እግዜር ይማርላቸው፣ ስንፍናቸውን ግን ይተውላቸው፤ ያለሱ አላውቃቸውም።

ታናሽሽ


ግንቦት 26

ወንድሜ፣

ሸጥሽው ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ እንዳልከኝ ሸጥኩት። ሁሉም ሸጡ። ራዲዮ ባሏ በሕይወቱ የጀመረላትን ዘር ነበር የያዘችው። በየዓመቱ ከየበቆሎው ራስ ትልልቁን ፍሬ እየለየች፣ አመድ እየነሰነሰች፣ እስከዛሬ አቆይታዋለች። ነጋዴው ሲሰፍር ሁላችንም ሁለት ጣሳ ሞልቶ አንድ ብሎ እንዳይቆጥርብን ዓይናችንን ተክለን ስናይ እሷ ፊቷን አዙራ ቆመች።

ዝናቡ በዐሥራ አራት ገባ። እንዲህ ያለ ዝናብ ካየን ቆይተናል፤ ሌሊት ሌሊት እየጣለ፣ ቀን ቀን ፀሐይ እየወጣ፣ እንደ ታዘዘ ነው። መሬቱ ታርሶ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የምንጥልበት የለም። ዘሩ አልመጣም፣ ማዳበሪያውም አልመጣም። በየማለዳው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ወርደን መጋዘኑ ደጃፍ እንሰለፋለን። ከጣራው የሚወርደው ውኃ ጭንቅላታችን ላይ ስለሚያርፍ ባዶ ኬሻችንን እንደ ኮፍያ እንደፋለን። መጋዘን ጠባቂው በሩን አይከፍትም፤ በመስኮቱ ሽቦ በኩል ነገ ይላል። ነገ ስንሄድም ነገ ይላል። አዋላጇ፣ ሕፃን እንኳ ዘጠኝ ወሩ ሲሞላ ይመጣል፣ ያንተ ዘር ስንት ወሩ ነው ብትለው ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። በሩ ግን እንደተዘጋ ነው።

የባሌ እህቶች በኔ መነጫነጭ ጀምረዋል። ወንድምሽ ምን አለ ይሉኛል። ይመጣል አለ እላለሁ። ራዲዮ አትጠይቀኝም፤ ከጎኔ ትቆማለች፣ ስሄድ ትሄዳለች።

ጠይቅልን። የኛ ሸንተረር አንተ የምትተይበው ዝርዝር ላይ አለ?

እህትህ


ሰኔ 9

እትዬ፣

ይቅርታ፣ በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የቆመልኝ።

አዎ፣ ሸንተረራችሁ ዝርዝሩ ላይ አለ። ዘሩ ተጭኗል፣ በዚህ ሳምንት ይደርሳችኋል። ለምን እንደዘገየ እኔም በቅጡ አላውቅም። ስለ ቋሚነቱ ለጠየቅሽኝ፣ ገና አልተወሰነም፤ ሰሞኑን ነው ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ በነዚህ ቀናት አፋችሁን ሰብስቡ ብሎናል።

ከዚህ በላይ ያለውን መስመር በቀለም የደመሰስኩት ፊደል ተሳስቼ ነው፤ ሌላ ወረቀት አጥቼ ነው በሱው የላክሁት።

ጎረቤት ዘንድ የቤት ዘር ተርፎ እንደሆነ ጥቂት ተበድረሽ ጥግ ላይ ጣል ብታደርጊ አይከፋም። ለነገሩ ነው፣ አትጨነቂ።

እንቅልፍህ እንዴት ነው ብለሽኛል። ሰሞኑን እምቢ ብሎኛል፤ ከሙቀቱ ይሆናል።

ታናሽሽ


ሐምሌ 22

ወንድሜ፣

ያ ሁሉ ጥያቄህ፣ በቀለ ወይ፣ ስንት ቅጠል አወጣ፣ ሌሎቹስ ጋ እንዴት ነው፣ ምነው እንዲህ ተቻኮልክ? ሰው ስለ ሰብል የሚጠይቀው ከበቀለ በኋላ ነው።

አልበቀለም።

ዘሩ ሰኔ ዐሥራ አምስት ደረሰን። ሰው እንዳይበላው መርዝ የተቀባ፣ ቀይ ነው። ስንዘራ እጃችን ቀልቶ ለአራት ቀን አልለቀቀንም፤ ጋሼህ፣ ሠርገኛ መሰላችሁ ብሎ ቀለደብን። ማዳበሪያውን ከሥሩ አደረግን። ሰባት ቀን ጠበቅን፣ ዐሥር ቀን ጠበቅን። ዝናቡ አልጎደለም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ራዲዮ ማሳዋ ውስጥ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ስትጭር አየኋትና እኔም ወደኔው ሄጄ ተንበረከክሁ። ፍሬው እንደገባ ተኝቷል። ሲጫኑት ዱቄት ይሆናል፤ አንዳንዱ ልጣጩ ብቻ ነው የቀረው። ሲሶ ያህሉ ወጥቷል፣ እዚህም አንድ፣ እዚያም አንድ፣ እንደ ሽማግሌ ጥርስ።

የግብርና ባለሙያው መጥቶ አየ። በጥልቀት ቀብራችሁት ነው አለን። የባሌ እህቶች ተንጫጩበት፣ እሱ ቅጹን ይሞላል። ራዲዮ ወደ ፊት ወጣች፣ ጣቷን ከዘራችበት ጉድጓድ ከተተች፣ አወጣችና አፈሩ እስከየት እንደደረሰ ዓይኑ ሥር አቁማ አሳየችው። ጣቷን አየ፣ ወደ ሞተር ሳይክሉ ሄደ። ቅጹ ላይ ምን ብሎ እንደሞላ አላውቅም።

ከጎረቤት ተበደሪ ላልከኝ፣ ከማን? በምክርህ ሁሉም ሸጧል። ደግሞስ ይዳቀልብሻል ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰው ለምንድን ነው ጥግ ላይ ዝሪ የሚለኝ? ይህን እያሰብኩ የደመሰስከውን መስመር ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ከመጀመሪያው "እትዬ" የሚለው ብቻ ይነበባል። ቀጥሎ ያለው ቀለም ነው።

ፊደል የተሳሳትከው ምኑ ላይ ነው?

እህትህ


መስከረም 14

እትዬ፣

ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያልኩሽ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። ስለ መስመሩ አንዴ ነግሬሻለሁ፣ እባክሽ አትመላልሺኝ።

እንኳን ደስ ያለህ ላልሽኝ አመሰግናለሁ፤ አዎ፣ ቋሚ ሆኛለሁ። ማን ነገራችሁ? አሁን የራሴ ወንበር አለኝ፣ የሚዞር። በመጀመሪያው ቀን ዞርኩበት፣ ከዚያ ወዲህ አልዞርኩም።

ዕዳው ይማራል ወይ ብለሽኛል። ጠይቄያለሁ፣ አይማርም። ምሕረት የሚደረገው ወረዳው በድርቅ ተመታ ተብሎ ሲታወጅ ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ዝናብ ነበር። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ዘንድሮ ጥሩ ዓመት ነው።

ያንቺን ድርሻ የሚሸፍን በሾፌሩ እጅ ልኬያለሁ። የጋሼ እህቶች ፍየሎቻቸውን ከሸጡ፣ አዋላጇም ከልጇ ካገኘች፣ የቀረችው ራዲዮ ናት ማለት ነው። ምን እናድርጋት ላልሽኝ፣ ደንቡ ቡድኑ ራሱ ይጨርሰው ነው የሚለው። ከንብረቷ የሚሸጥ ነገር ተስማምታ ትሰጣለች፣ አንቺ ጸሐፊ ስለሆንሽ ቃለ ጉባኤ ትይዣለሽ፣ ተሽጦ ውዝፉ ይዘጋል። ካልተዘጋ አምስታችሁም ለከርሞ ዘር አታገኙም፤ የቤት ዘር ደግሞ የላችሁም። ለሷም ቢሆን የሚበጀው ይኼ ነው። ጭካኔ አይደለም እትዬ፣ አሠራር ነው። በየቦታው የሚደረግ ነው።

ጤናሽን ጠብቂ።

ታናሽሽ


ኅዳር 18

ወንድሜ፣

የላክኸው ደርሶኛል። ተከፍሏል። ደረሰኙ እኔ ጋ ነው።

የራዲዮ ነገር ምን ሆነ ላልከው፣ አልቋል። ደህና ናት። ቃለ ጉባኤውን እንዳልከኝ ጻፍኩ።

ነፋስ በዝቷል። ጋሼህ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ


ታኅሣሥ 28

ወንድሜ፣

ሦስት ደብዳቤ ላክህ፣ ሦስቱም አንድ ነገር ይጠይቃሉ። እሺ፣ ልንገርህ። ደህና ናት ያልኩህ ውሸቴን ነው።

ከራዲዮ ቤት የሚሸጥ ነገር ጣራዋ ብቻ ነበር። ዐሥራ ስምንት ቆርቆሮ። ባሏ ሳይሞት አንድ አንድ እያለ የገዛው ነው። የባሌ እህቶች፣ እኛ ፍየላችንን ሸጥን፣ እሷ ምን ልዩ አደረጋት አሉ። አዋላጇ አለቀሰች፣ ግን አልተቃወመችም። እኔ አንተ የጻፍክልኝን ቃል በቃል አነበብኩላቸው። ጭካኔ አይደለም፣ አሠራር ነው አልኳቸው። ከወረቀት ላይ ሲነበብ ልክ ይመስላል።

ቤቷ ሄደን ነገርናት። ተነሥታ ምጣዷንና አንሶላዋን አወጣች። ልጅቷ ደጃፍ ቆማ አየችን፤ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሣችም። ጋሼህ ወገቡን አሞት እንኳ ጣራ ላይ የሚወጣ ሌላ ወንድ ስላልነበረ እሱ ወጣ። መሰላሉ ተወላግዶ ሊጥለው ሲል ማን ይዞ እንዳዳነው ታውቃለህ? ራዲዮ ናት። እስኪጨርስ ድረስ ሥሩ ቆማ መሰላሉን ያዘችለት።

እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። "በፈቃዷ" የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈረመች። ቆርቆሮውን ተሸክመን ስንወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። "ምስማሮቹን ተዉልኝ" አለች።

ተውንላት። ጎባጣ ምስማር ሙሉ ጣሳ። ቆርቆሮ ደግሞ ሲሸከሙት ዝም አይልም፤ በየርምጃው ይጮኻል። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ በየደጁ ሰው እየወጣ አየን። ዝናብ የሌለበት ወር ነው፣ እስኪከርም ሣር ታለብሰዋለች ተባባልን። ብርዱን ማንም አላነሣውም።

በዐሥረኛው ቀን ስሄድ በሩ ላይ ድንጋይ ተደግፏል። እናትና ልጅ ቆላ ወዳለው ትልቅ እርሻ ለቀን ሥራ ወርደዋል አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ደህና ናት ብዬ የጻፍኩልህ። ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ከዚያ በኩል መጣ። ወባ ነው አለኝ። እናትየዋን ሦስት ቀን አተኩሷት፣ በአራተኛው ከሠራተኞቹ ሰፈር ጀርባ ተቀብራለች። ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ ያንተን ደብዳቤ ከኪሱ አወጣና ሰጠኝ። "ራዲዮ እንዴት ናት?" ይላል።

እህትህ


ጥር 20

እትዬ፣

እንግዲህ አንቺ ከነገርሽኝ እኔም ልንገርሽ። ምን ደበቅኸኝ ብለሽ ባትጠይቂኝም ከሐምሌ ጀምሮ እየጠየቅሽኝ ነው።

የደመሰስኩት ፊደል ተሳስቼ አይደለም። "እትዬ፣ ዘሩን እንዳትዘሩት" ነበር የሚለው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የቤተ ሙከራው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። አንድ ሙሉ ክምችት፣ ሁለት ክረምት በሚያፈስ መጋዘን የከረመ። ከመቶ የበቀለው ሠላሳ አንድ። ተነሥቼ ለሥራ አስኪያጁ ወሰድኩለት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስታመም ለሐኪም የከፈለልኝ እሱ ነው። ወረቀቱን አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን አሸ። ሌላ ዘር ለመግዛት ጊዜም በጀትም እንደሌለ፣ እሱም ከላይ እየተጠየቀ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ፣

"ለቅርቦቹ ከሰጠነው ነገ ደጃችን ላይ ናቸው። ወደ ሩቆቹ አድርገው" አለኝ።

"ሩቆቹስ?" አልኩት።

"ሩቆቹ ለመምጣት መኪና ያስፈልጋቸዋል።"

ልወጣ ስል፣ የቋሚዎቹ ዝርዝር በሰኔ አጋማሽ እንደሚፈረም ነገረኝ። ሊያስፈራራኝ አልነበረም፤ ደስ እንዲለኝ ነው። እኔ ነኝ እንደ ማስፈራሪያ የሰማሁት፣ ወይም እንደዚያ መስማት የፈለግሁት። ወንበሬ ላይ ተመለስኩና ተየብኩ። ሩቆቹ ሰባት ቀበሌ ናቸው። ያንቺን አራተኛ ላይ አስገባሁት። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ ነክቼዋለሁ።

ያኔ ብነግርሽ፣ ቢያንስ የሸጣችሁት ዘር ገና ከነጋዴው መጋዘን አልወጣም ነበር። ይህን በየቀኑ አስባለሁ። የላክሁልሽ ገንዘብ የመጀመሪያው ቋሚ ደመወዜ ነው፤ ከምን እንደመጣ አሁን ታውቂያለሽ። ራዲዮንም አሠራር ነው ብዬ ያስገደልኳት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። አንቺ ያነበብሽው የኔን ወረቀት ነው።

ሥራውን ልለቅ ነው። ይቅርታ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኳቸው።

ታናሽሽ


መጋቢት 29

ወንድሜ፣

ሁለት ወር ዝም ያልኩህ ወረቀት አጥቼ አይደለም።

ትረግሚኛለሽ ወይ ብለህ ደጋግመህ ጽፈሃል። አልረገምኩህም። ለመርገምም ንጹሕ አፍ ያስፈልጋል። ለጋሼህ አልነገርኩትም፤ ጣራው ላይ የወጣው እሱ ነው፣ ይህን ቢሰማ መቼም ከዚያ ጣራ አይወርድም። ለአዋላጇም አልነገርኩ። ይኼ ነገር ባንተና በኔ መካከል ይቀራል ማለቴ አይደለም፣ ገና አቅም አላገኘሁም።

የራዲዮ ልጅ ተመልሳለች። ብቻዋን። ጣራው በነበረበት ላይ ላስቲክ ወጥራለች። ሰው ሁሉ ሊጠይቃት ሲሄድ እኔ አልሄድኩም ነበር። ሰኞ የብድርና ቁጠባው ሠራተኛ እንደገና በትምህርት ቤቱ ሰበሰበን። ቡድኑ አምስት ካልሞላ አይሠራም፤ እሷ ደግሞ መሬት አላት፣ ዘር የላትም። በእናቷ ቦታ እንድትገባ ተደረገ። ክፍት የነበረው ወንበር ከኔ ጎን ስለሆነ እዚያ ተቀመጠች።

ሠራተኛው ወረቀቱን ሲያዞር ልጅቷ ወደኔ ዞረች። እንደ እናቷ አይደለችም፣ ጮክ ብላ ትናገራለች።

"እትዬ፣ የዘንድሮው ይበቅላል?" አለችኝ።

የባሌ እህቶች፣ አዋላጇ፣ ሌሎቹ ቡድኖች፣ ሁሉም እኔን አዩ። ወንድሟ እዚያ ነው የሚሠራው፣ ታውቃለች ብለው ነው።

"አላውቅም" አልኳት።

ብዕሩን ተቀበለች። ፈረመች። ሁሉም ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። ምን ልዝራ?

ሥራውን ገና አልለቀቅኩም፣ ምን ትያለሽ ብለኸኛል። አትልቀቅ። ብትለቅ ለኅሊናህ ነው፣ ለኛ አይደለም። ያ ወረቀት ዘሩ ሳይጫን ጠረጴዛህ ላይ ይመጣል። ሲመጣ ከመቶ ስንቱ እንደበቀለ ጻፍልኝ። ሰላምታ አትጻፍ፣ ጤናዬን አትጠይቅ፣ ይቅርታም አልፈልግም። ቁጥሩን ብቻ።

የቡድኑ ጸሐፊ


ግንቦት 19

ወረቀቱ አሁን ወደ እኔ አይመጣም። ሚያዝያ ላይ የዘንድሮውን ውጤት አሳዩኝ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ በሳምንቱ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ግምጃ ቤት አዛወሩኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የማድለው። ለበላይ አካል ያስገባሁት ማመልከቻ መልስ የለውም።

ስለዚህ መጫኛው ግቢ ሄድኩ። ወደ እናንተ ከሚሄደው ጭነት፣ ከሦስት ከረጢት እየከፈትኩ ጥቂት ጥቂት ወሰድኩ። መቶ ፍሬ ቆጥሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደረደርኩና ጠቅልዬ ክፍሌ አስቀመጥኩ። መኪናው ተበላሽቶ ዘጠኝ ቀን ስለቆመ ጊዜ አገኘሁ። ዛሬ ጠዋት ፈታሁት።

አርባ አራት።

ደግሜ ቆጠርኩ፣ አናጢውንም ጠርቼ አስቆጠርኩት። አርባ አራት ነው።

ሌላ ዘር እንደሌላችሁ አውቃለሁና አትዝሩት አልልም። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ፍሬ ጣሉ። እንዲያ ከሆነ ከመሬታችሁ ሲሶውን ብቻ ያዳርሳል፤ የቀረው ጦሙን ይደር። ማዳበሪያውንም ከሲሶው አታሳልፉት። ዕዳው የሙሉው ነው፣ እሱን መቀነስ አልቻልኩም። ለልጅቷ መጀመሪያ ንገሪያት፣ ከማን እንደሰማሽም አትደብቂያት።

ይህን ደብዳቤ የያዘው ሾፌር ዘሩን የጫነው ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ይደርሱሻል።